ወላጆችን ይዞ በመርከብ ሲኬድ ለካቢን አፕግሬድ ጨረታ መግባት ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልን። በመጪው መጋቢት እኔና ባለቤቴ ከወላጆቼ ጋር አራት ሆነን ለመጓዝ አስበናል። ከፎርት ላውደርዴል ተነሥቶ ካሪቢያንን በሰባት ሌሊት በሚዞረው በ«ሴሌብሪቲ ቢዮንድ» መርከብ ላይ ሁለት ካቢን ይዘናል። ሁለቱም ባለ በረንዳ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው የሚከፈት በር አላቸው። ይህን በር ያገኘሁት ግማሽ ቀን ስልክ ይዤ ከዋልኩ በኋላ ነው። አባቴ 78 ዓመታቸው ስለሆነና ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ እናቴም እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈልጉ ረጅሙ ኮሪደር ላይ እንዳይንከራተቱ ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከኩባንያው «ሙቭ አፕ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። በያዝነው ካቢን ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ተጫርተን ከፍ ወዳለ ክፍል ልንዛወር እንደምንችል ይገልጻል። ለኮንሲየርጅ ክላስ፣ ለአኳ ክላስና ለስካይ ስዊት ለየራሳቸው በጣት የሚንሸራተት መስመር ተሠርቶላቸዋል፤ ከጎኑ ደግሞ ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ፣ የመኪና ነዳጅ መለኪያ የሚመስል ሥዕል አለ። እኔ ዘንድ ለስካይ ስዊት የመጣው መነሻ 400 ዶላር ነበር። ወደ 650 ስገፋው መርፌው መሀል ላይ ቆመ፤ 900 ላይ ስደርስ አረንጓዴው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ «ስዊት ለሳምንት በ650 ዶላር ከተገኘማ ምን ታስቢያለሽ፣ አስገቢው እንጂ» ይላል። የወላጆቼ የጋብቻ አምሳኛ ዓመት ስለሆነ እኔም ልቤ ወደዚያው ያደላል፤ ነገር ግን የክሬዲት ካርድ ቁጥሬን አስገብቼ የመጨረሻውን ቁልፍ ልጫን ስል እጄ ቆመ።

የቸገረኝ ይህ ነው። የሚታየው ገንዘብ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለካቢኑ በሙሉ? ለሁለቱም ካቢኖች ጨረታ ባስገባና አንዱ ብቻ ቢያሸንፍ በመካከላችን ያለው በር ምን ይሆናል? ቀሪውን ክፍያ ለመጨረስ ገና አምስት ሳምንት ስለሚቀረን፣ ጨረታውን ትቼ አሁኑኑ ልዩነቱን ከፍዬ ብቀይርስ? ጉዞው ዐቢይ ጾም ውስጥ እንደሚውልም ልብ ይበሉልኝ፤ እናቴም አባቴም ጿሚዎች ናቸው። በዚህ ያለፈ ሰው ቢመክረኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


መልስ፦ ከአትላንታ

እህቴ፣ እጅዎ መቆሙ መልካም ሆነ። የሚያዩት ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፤ ሂሳቡ የሚሠራው ደግሞ ካቢኑን ሁለት ሰው እንደያዘው ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ 650 ያሉት ለአንዱ ካቢን 1,300 ዶላር ነው፤ ሁለቱንም ካቢኖች ካስገባችሁ 2,600 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ካቢን ይዞ ቢጫረት እንኳ የሁለት ሰው ይከፍላል። በሌላ በኩል በዚያው ካቢን ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ካለ በጨረታው ላይ አይጨመርበትም፤ ልጆች ላሉት ሰው ይህ ይጠቅማል፣ ለእናንተ ግን ፋይዳ የለውም። ይህ ሁሉ በገጹ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው በትንንሽ ፊደል ስለሆነና ዓይን ቀድሞ የሚያየው መርፌውን ስለሆነ ብዙ ሰው ይስታል። እኔም ስቻለሁ።

የእኔን ላጫውትዎ፤ የኩባንያውን ስም ግን አልጠራም። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከባለቤቴ እህት ቤተሰብ ጋር ስንጓዝ እኛ መስኮት የሌለው ካቢን፣ እነርሱም ከእኛ ፊት ለፊት ሌላ መስኮት የሌለው ካቢን ይዘን ነበር። ለባለ በረንዳ ክፍል ትንሽ ገንዘብ አስገብቼ ረሳሁት። ልንሳፈር ሁለት ቀን ሲቀረን ካርዴ ላይ ገንዘብ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው «እንኳን ደስ አልዎት» የሚለው ኢሜይል የመጣው። ደስ ብሎን ገባን። ክፍሉ ግን ከመዋኛ ገንዳው በታች ያለው ፎቅ ላይ ነበር፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ ወለሉን ለማጠብ የመዝናኛ ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር ይጎትታሉ። የብረት እግር በእንጨት ወለል ላይ ሲጎተት ከሥሩ ለተኛ ሰው እንዴት እንደሚሰማ ያልሰማ አያውቀውም። ባለቤቴ በአራተኛው ሌሊት «ያ ጨለማ ክፍላችን ማረፊያ ነበር» አለችኝ። ከእህቷ ቤተሰብ ጋር ደግሞ በአምስት ፎቅ ተለያየን፤ ልጆቹ የእኛን ክፍል ፍለጋ ሊፍት ውስጥ ሲጠፉ ሁለት ጊዜ ሄደን አምጥተናቸዋል።

ለእንግዳ አገልግሎት ክፍሉ ስናመለክት የተሰጠን መልስ ትሕትና ነበረው፣ ግን አጭር ነበር፦ በጨረታ የተገኘ ክፍል አይመረጥም፣ አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ውሉን እንደገና ሳነበው በእርግጥ እንደዚያ ይላል።


መልስ፦ የጉዞ ወኪል፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሥራዬ የጉዞ ወኪልነት ስለሆነ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ደንበኛ ልዩነቱን ከፍሎ ካቢን ሲቀይር ወኪሉ ኮሚሽን ያገኛል፤ በጨረታ ሲያድግ ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። ምክሬን ሲያነቡ ይህን አብረው ያመዛዝኑት።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ብንረዳ ይበጃል። መርከብ ከወደብ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረ ስዊት ለባለቤቱ አንድ ሳንቲም አያስገባም። ኩባንያው ስዊቱን በአደባባይ በቅናሽ ከሸጠ ደግሞ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ደንበኞቹ ይቀየሙታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከያዙት መካከል ተጨማሪ የሚከፍለውን በዝግ ጨረታ ያነሣና፣ እርሱ የለቀቀውን ባለ በረንዳ ክፍል መልሶ ይሸጠዋል። በአውሮፕላን ላይ የምናውቀው አሠራር ነው። ለብዙ አየር መንገዶችና የመርከብ ኩባንያዎች ይህን የሚያስተናግደው ፕላስግሬድ የሚባል ዋና መሥሪያ ቤቱ በሞንትሪያል የሆነ ድርጅት ነው። በሴሌብሪቲ «ሙቭ አፕ» ይባላል፤ እኅት ኩባንያው ሮያል ካሪቢያን «ሮያል አፕ» ይለዋል፤ ኖርዌጂያን ደግሞ «አፕግሬድ አድቫንቴጅ» ብሎታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

ስለዚህ መርፌው የሚነግርዎ ስለ ገንዘብዎ ብቻ እንጂ ስንት ስዊት ባዶ እንዳለ አይደለም። መርፌው አረንጓዴ ውስጥ ገብቶም ስዊቱ አስቀድሞ ተሸጦ ካለቀ የሚሰጥዎ ክፍል የለም፤ ቀይ ላይ ቆሞም ስድስት ስዊት ባዶ ከቀረ ሊደርስዎ ይችላል። ሁኔታውን ለመገመት የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ተጓዥ ገብተው የዚያኑ ቀን ጉዞ ይምረጡና ክፍል ለመያዝ ይሞክሩ፤ በየደረጃው የቀሩት የካቢን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ክፍያው ጋ ሲደርሱ ይውጡ። ይህን በየሳምንቱ ቢያደርጉ ስዊቱ እየተሸጠ ይሁን ወይም ቆሞ የቀረ በዓይንዎ ያዩታል። ገጹ ክፍሎቹን ሁሉ ላያሳይ ስለሚችል እንደ ግምት ብቻ ይውሰዱት።

ወደ በሩ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነውና። የእርስዎና የወላጆችዎ ካቢን በኩባንያው መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ቦታ ማስያዣዎች ናቸው። አብራችሁ እንደምትጓዙ ተጽፎ ቢያያዝም እንኳ ጨረታው እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚያየው። ሁለቱንም አስገብተው አንዱ ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ሁለቱም አሸንፈው አንዱ ወደ መርከቡ አፍንጫ፣ ሌላው ወደ ጭራው ሊመደብ ይችላል። ቢዮንድ 327 ሜትር ርዝመት አለው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ትንሽ መንገድ አይደለም። ካሸነፉ በኋላ የነበሩበት ክፍል ወዲያው ለሌላ ስለሚሸጥ መመለስም የለም።

ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ነገር ደግሞ ምግብ ቤቱ ነው። ስካይ ስዊት የሚገባ ሰው «ዘ ሪትሪት» የሚባለው ክፍል አባል ይሆናል፤ ለስዊት እንግዶች ብቻ የተለየው «ሉሚኔ» የሚባለው ምግብ ቤት፣ የራሳቸው ሳሎንና ፀሐይ መሞቂያ፣ ከፍ ያለው የመጠጥ ፓኬጅና ኢንተርኔት በዋጋው ውስጥ ይካተታሉ። ወላጆችዎ ስዊት አግኝተው እናንተ ባለ በረንዳው ላይ ብትቀሩ እነርሱን ተከትላችሁ ሉሚኔ መግባት አትችሉም። እነርሱ ወደ እናንተ ዋናው ምግብ ቤት መምጣት ይችላሉ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ስዊቱን ውድ ካደረጉት ነገሮች አንዱን ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። መጠጡም በዐቢይ ጾም ለጿሚ ሰው ምን እንደሚያደርግለት እርስዎ ያውቁታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ለእናትና አባትዎ ከስዊቱ የሚቀረው የክፍሉ ስፋትና አገልጋዩ ነው። ስፋቱ ቀላል አይደለም፤ እናንተ የያዛችሁት ዓይነት ካቢን በረንዳው ተቆጥሮ ወደ 240 ስኩዌር ፊት ገደማ ሲሆን፣ ስካይ ስዊት ከነበረንዳው ወደ 400 ይደርሳል።

በዝርዝሩ ላይ ስላሉት ስለ ሌሎቹ ሁለት ደረጃዎች ብዙ አልልም። ኮንሲየርጅ ክላስ በዚህ መርከብ ላይ ክፍሉ ያው ነው፤ የሚለየው አቀማመጡና አንዳንድ ጥቃቅን መስተንግዶ ስለሆነ እኔ ብሆን አልጫረትበትም። አኳ ክላስ «ብሉ» የተባለውን ጤናማ ምግብ የሚቀርብበትን ምግብ ቤትና የእንፋሎት ክፍሎቹን ይጨምራል፤ ስፓ ለሚወድ ሰው ይሆናል።

እንግዲህ እርስዎን የምመክርዎ ይህን ነው። የሰባት ሌሊት ጉዞ ቀሪ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 90 ቀን በፊት ይጠናቀቃል፤ እርስዎ ገና አምስት ሳምንት አለዎት። እስከዚያ ድረስ ደውለው ዋጋ ማስተካከል ይችላሉ፤ የስዊቱ ዋጋ ዝቅ ካለ ልዩነቱን ብቻ ከፍለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የካቢኑን ቁጥር ራስዎ መርጠው ይቀይራሉ። ሲደውሉ «ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ» ብለው ይጠይቁ፣ ቁጥሮቹንም ከመርከቡ የፎቅ ካርታ ጋር ያመሳክሩ። የከፈሉት ቀብድ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ ለለውጡ የሚጠየቅ ክፍያ እንዳለ አስቀድመው ያረጋግጡ። ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ በሩን ይዘው ይቆዩ፤ እኔ ብሆን በሩን በስዊት አልለውጠውም።


መልስ፦ ከዳላስ

ሁላችሁም ጨረታውን ባታስፈራሩባት ምን ነበረበት! እኔና ባለቤቴ ልጆቻችን ካደጉ ወዲህ አራት ጊዜ ተጫርተን ሁለት ጊዜ አግኝተናል፤ ሁለቱንም ያገኘነው ከመነሻው ዋጋ ከአሥርና ከሃያ ዶላር በላይ ሳንጨምር ነው። ዘዴአችን እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምንይዘው ካቢን፣ ጨረታው ባይሳካም ደስ ብሎን የምንተኛበት መሆን አለበት። ከዚያ በመደበኛው ዋጋ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ እናያለን፤ የሁለታችን ጨረታ ተደምሮ የዚያን ግማሽ ካለፈ እንተወዋለን። አንዴ ካስገባን በኋላ እስኪጸድቅ ድረስ መቀነስም፣ መጨመርም፣ ጨርሶ ማውጣትም ስለሚቻል ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተመልሰን እናየዋለን።

አንድ ስሌት ግን እኔም ልጨምር። ስዊት ሲገባ በየቀኑ የሚቆረጠው የሠራተኞች ጉርሻም ከፍ ይላል። ለምሳሌ በሮያል ካሪቢያን እኛ በተጓዝንበት ጊዜ ለመደበኛው ካቢን በሰው በቀን 18 ዶላር ከ50፣ ለስዊት 21 ዶላር ነበር፤ ለሁለት ሰው በሰባት ሌሊት ልዩነቱ 35 ዶላር ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ግን ካርድ ላይ ድንገት ሲመጣ ያናድዳል።

ለአንቺ ግን፣ እህቴ፣ ወላጆችሽ ባይኖሩ ኖሮ «አስገቢ» ባልኩሽ ነበር። የትም ብንመደብ ግድ የሌለን ሁለት ሰዎች መሆናችን ነው ጨረታውን የሚያዋጣን።


መልስ፦ የቀድሞ የመርከብ ሠራተኛ፣ ከዱባይ

በሌላ ኩባንያ መርከቦች ላይ ለስድስት ዓመት በካቢን አስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ስለ ዋጋው ወኪሉ በሚገባ ስለገለጹት፣ እኔ ከበሩ ወዲያ ያለውን ብቻ ልናገር።

የመሳፈሪያ ቀን ጠዋት የፎቁ አለቃ ለእያንዳንዳችን የታተመ ወረቀት ይሰጠን ነበር። የእኔን አሥራ ስድስት ካቢኖች ቁጥር፣ የእንግዶቹን ስም፣ አልጋው አንድ ላይ ይሁን የተለያየ፣ በመሀል ያለው በር ይከፈት ወይስ ይቆለፍ የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል። በመጨረሻው ሁለት ቀን ያደጉ እንግዶች ስማቸው በእስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ስም ከላይ ይጻፋል። ይህ ሰው ቤቱ ሳለ ያተመው የሻንጣ ወረቀት የድሮውን የካቢን ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ሻንጣው ወደ ድሮው ክፍል ይሄዳል። ማታ በሦስት ሰዓት አዲሱ ካቢን ውስጥ ልብስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው አይቻለሁ፤ ሻንጣቸው አራት ፎቅ ዝቅ ብሎ ከሌላ ሰው በር ፊት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ ከተደረገ የሻንጣውን ወረቀት እንደገና ያትሙ፤ የወላጆችዎን መድኃኒት ደግሞ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ እንዳያስገቡት።

የመሰብሰቢያ ጣቢያውም ነገር አለ። በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቦታ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካቢኑ ሲቀየር ይህም ይቀየራል። ሁለቱ ካቢኖች ከተራራቁ ወላጆችዎ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሳይኖራቸው በሌላ ጣቢያ ሊመደቡ ይችላሉ። እኔ ስለ በሩ ከሁሉ በላይ የምሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ባሕር ማዞር ደግሞ ብዙ ሰው «ከፍ ያለ ፎቅ፣ ከፍ ያለ ክፍል» ይላል፤ ማዕበሉ ግን ይህን አያውቅም። መርከብ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፎቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ መሀሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከዝቅተኛው ፎቅ መሀል ላይ ያለ ርካሽ ክፍል ከላይኛው ፎቅ አፍንጫ ላይ ካለ ስዊት ይልቅ ለሚያዞረው ሰው ይሻላል። የፎቅ ካርታውን ሲያዩ ከክፍሉ በላይም ሆነ በታች ሌላ መኝታ ክፍል ብቻ እንዲሆን ይፈልጉ፤ ገንዳ፣ ወጥ ቤት፣ የቲያትር አዳራሽ ከሆነ ይዝለሉት። የአትላንታው ወንድማችን የሰማው ድምፅ እውነት ነው፤ ወንበሮቹን ከሚጎትቱት መካከል ጓደኞቼ ነበሩ።

ጨረታውን ያልፈለገ ሰው በመሳፈሪያው ቀን በአካል ሄዶ መጠየቅ ይችላል። የእንግዳ አገልግሎት መስኮቱ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ካለቀ በኋላ የቀሩትን ክፍሎች ያውቃል፤ አንዳንድ ጊዜ በተወሰነ ዋጋ ይሸጣል። የዚህ ጥቅሙ ክፍሉ የት እንደሆነ አይተው መወሰንዎ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ምንም ላይቀር መቻሉና ልብስዎን አውጥተው ከሰቀሉ በኋላ መልሶ መሸከሙ ነው።

ለጾሙ አይጨነቁ። አሁን ሲደውሉ በሁለቱም ቦታ ማስያዣ ላይ «ቪጋን» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ እንቁላልና ቅቤ እንዳይገባ ለይተው ይንገሩ፤ ዓሣም የማይበሉ ከሆነ እርሱንም ይጨምሩ። በመጀመሪያው ማታ የምግብ ቤቱን ዋና አስተናጋጅ አግኝተው ያነጋግሩ፤ በእኛ መርከቦች ላይ የነገውን ምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥተን እናስመርጥ ነበር። ይህ በስዊትም ሆነ በተራው ካቢን ያለ አገልግሎት ነው።


ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ።

ወኪሉ እንዳሉት እንደ አዲስ ተጓዥ ገብቼ አየሁ፤ በዚያ ቀን የሚታየኝ ስካይ ስዊት ሦስት ብቻ ነበር፣ ሦስቱም የተራራቁ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ደውዬ የሁለት ስዊት ልዩነት ስጠይቅ የተነገረኝ ቁጥር ባለቤቴን ጸጥ አሰኘው። ስለዚህ የወላጆቼንም የእኛንም ጨረታ ትተን፣ በሩን ይዘን ቀርተናል። በጥሪው ላይ ግን አንድ ነገር አገኘሁ፤ ሁለቱ ካቢኖቻችን ወደ መርከቡ አፍንጫ የተጠጉ ነበሩ፤ ሴትዮዋ በዚያው ዋጋ መሀል ላይ፣ ከላይና ከታች መኝታ ክፍሎች ብቻ ያሉባቸው፣ በመካከላቸው በር ያላቸው ሁለት ካቢኖች አግኝታ ቀየረችልን። ለሊፍቱም ቀረብን። ለስዊቱ ካሰብነው ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ለአምሳኛ ዓመታቸው ማታ ለአራታችን የሚሆን ሌላ ነገር እናደርግበታለን።

እናቴን ስለዚህ ሁሉ ሳጫውታቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በረንዳው ይዘጋል ወይ? ሌሊት ነፋስ እንዳይመታኝ።» የእኛ ካቢን «ኢንፊኒት ቬራንዳ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሥዕሉን ብቻ ነው ያየሁት። የሚያውቅ አለ?


መልስ፦ የቀድሞ የመርከብ ሠራተኛ፣ ከዱባይ

እናትዎን ደስ ያሰኛቸዋል። እርሱ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ አይደለም፤ የክፍሉ ወለል እስከ መርከቡ ጠርዝ ድረስ ይዘልቅና ፊት ለፊቱ ትልቅ መስተዋት ነው። ቁልፍ ሲጫኑ የላይኛው ግማሽ ወደ ታች ይወርድና አየር ይገባል፤ ሲጫኑት መልሶ ይዘጋል። መስተዋቱ ሲከፈት የክፍሉ ማቀዝቀዣ ይጠፋል፤ ብልሽት እንዳይመስላቸው። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ መስተዋቱን ከመርከቡ መምሪያ ሆነው ይቆልፉታል። በክፍሉና በመስተዋቱ መካከል የሚታጠፍ በር ስላለ ማታ እርሱን ዘግተው መጋረጃውን ከሳቡ ነፋስ አያገኛቸውም።